የጦር መሣሪያ አክሲዮንና ኅሊና፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ የምትሠራ ነርስ ናት። ከደመወዟ ለጡረታ የሚቆረጥ ገንዘብ አለ። አንድ ቀን ገንዘቡ የት የት እንደገባ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፍታ ስታይ ሎክሂድ ማርቲን የሚል ስም አገኘች። ተዋጊ ጄትና ሚሳኤል የሚሠራው ኩባንያ ነው። ያን ሰሞን እናቷ ደብረ ማርቆስ ሆነው በተኩስ ድምፅ እንቅልፍ አጥተዋል። ኔትወርክ ሲገኝ ደወለችልኝ። «ወንድምዓለም፣ እኔ በየወሩ ምን እየገዛሁ ነው?» አለችኝ።

ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ከዚያ ወዲህ አንብቤያለሁ፣ ሰውም ጠይቄያለሁ። ብዙዎቻችን የምንስታቸውን ነገሮች ላስቀምጥ።

«እኛን አይመለከተንም» ማለት

እውነት ነው፣ አብዛኛው ጎጃሜ የውጭ አክሲዮን ገዝቶ አያውቅም። አገር ውስጥም ቢሆን በኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 መሠረት የጦር መሣሪያና ጥይት ማምረት ከመንግሥት ጋር በጥምረት ብቻ የሚገባበት ሥራ ነው። የአዲስ አበባው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም (አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት) ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ገና ጨቅላ ነው።

ግን ልጅ ውጭ የሌለው ቤት ስንት ነው? የልጆቻችን የጡረታ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚገባው 500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን በአንድ ጥቅል በሚገዛ ፈንድ፣ ማለትም ከብዙ ሰው በተሰበሰበ የኢንቨስትመንት ገንዘብ ውስጥ ነው። ጥቅሉ ውስጥ እንደ ሎክሂድ፣ ኖርዝሮፕ ግሩማንና ጄኔራል ዳይናሚክስ ያሉ የጦር መሣሪያ አምራቾች አሉ። ማንም ምረጡ አላላቸውም። ፎርም ሞሉ፣ ገባ።

ጠመንጃ የሚሠራውን ብቻ መቁጠር

ቢአርፒ የሚባል የካናዳ ኩባንያ አለ። የሚታወቀው በበረዶ ላይ በሚነዱ የመዝናኛ ሞተሮች ነው። አክሲዮኑን የገዛ ሰው ስለ ጦርነት የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2020 አዘርባይጃንና አርመን በናጎርኖ ካራባኽ ሲዋጉ ግን ሮታክስ የተባለው ሞተሩ ባይራክታር ቲቢ2 በተባለው የቱርክ የጦር ድሮን ላይ እንደሚገጠም ታወቀ። ሞተሩን ኦስትሪያ ያለው ቅርንጫፉ ነው የሚሠራው። ኩባንያው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አጠቃቀማቸው ግልጽ ወዳልሆነ አገሮች የአውሮፕላን ሞተር መላኩን አቆመ። ካሜራ፣ ቺፕ፣ ሞተር ሁሉ እንዲህ ነው። ድሮን ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁሉንም መሣሪያ በአንድ ዓይን ማየት

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል።

አንዳንዱ መሣሪያ በባሕርዩ ወታደርና ሕፃን አይለይም። የመርዝ ጋዝ በ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል ታግዶ ነበር። ጣሊያን ፈርማም ከአሥር ዓመት በኋላ በኢትዮጵያውያን ላይ አዘነበችው። የተቀበረ ፈንጂ በ1997 የኦታዋ ስምምነት ታግዷል፤ ኢትዮጵያም በ2004 አጽድቃዋለች። ብዙ ትንንሽ ቦምቦችን የሚበትነውን ክላስተር ቦምብ የሚከለክለው ስምምነት የ2008 ነው። የኖርዌይ መንግሥት የጡረታ ፈንድ በ2006 ቦይንግን ጨምሮ በርካታ ኩባንያዎችን ከኒውክሌር መሣሪያ ጋር በተያያዘ ከዝርዝሩ አውጥቷል። (እዚህም ከዚህ በታችም ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ዓይነቱ ትርፍ ይቅርብኝ ማለት ለእኔ ከባድ አይደለም።

ሌላውስ? በ1935 እንግሊዝና ፈረንሳይ፣ አሜሪካም፣ ለኢትዮጵያም ለጣሊያንም መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ሲሰሙት ፍትሕ ይመስላል። ጣሊያን ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ የተጎዳነው እኛ ነን። የጎጃም አርበኛ በውጅግራና በምንሽር ነው ጫካ የገባው። «ውጅግራ» የምንለው ስም ራሱ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ነው። እነዚያን ጠመንጃዎች ማንም ባይሠራቸው ኖሮ አያቶቻችን በምን ይዋጉ ነበር? ስለዚህ መሣሪያ የሠራ ሁሉ ኃጢአተኛ ነው ለማለት አፌ አይሞላም። ስዊድን ያለው ኤስኢቢ የፈንድ ኩባንያም ይኸው ጥያቄ መጥቶበታል። መሣሪያ አምራቾችን ዘግቶ ከቆየ በኋላ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር በ2022 ለአንዳንድ ፈንዶቹ በሩን ከፈተ።

ጥፋቱን ቀጥቃጩ ላይ መጣል

ይህንን ከድሮም እናውቃለን። ቀጥቃጩ ማረሻችንንም ጦራችንንም ሠርቶ ሰጠን። እኛ አረስንበት፣ ዘመትንበት። እሱን ግን ቡዳ ብለን አገለልነው። ዛሬም ፋብሪካውን ብቻ ስንረግም ያንኑ እየደገምን ነው። እኛ ዘንድ በሬ ሸጦ ክላሽ የሚገዛ አለ፤ በሠርግ ጥይት ሳይተኮስ ቅር የሚለው አለ።

የክላሽ አባት ሚካኤል ካላሽኒኮቭ በ2013 ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ጠመንጃዬ ለገደላቸው ሰዎች እኔ ተጠያቂ ነኝ ወይ ብሎ ነው የጠየቀው። ከቤተ ክርስቲያኒቱ በኩል የመጣው ምላሽ መሣሪያ አገርን ለመከላከል ከዋለ ቤተ ክርስቲያን ትደግፋለች የሚል ነበር። እኔ ግን የሽማግሌውን ጭንቀት አከብራለሁ። አክሲዮን የያዘ ሰው የእሱን ሩብ ያህል እንኳ ቢጨነቅ ጥሩ ነበር።

ትንሿን ገንዘብ ማጋነንም መናቅም

አክሲዮን ከገበያ ስትገዙ ብዙ ጊዜ የምትከፍሉት ለሌላ ባለአክሲዮን እንጂ ለፋብሪካው አይደለም። የአክስቴ ልጅ መቶ ዶላር በቀጥታ ጥይት አልሆነም። ይህን ስነግራት ትንሽ ቀለላት። ግን ትርፉን ትካፈላለች፤ አክሲዮን በስሙ የያዘ ሰው ደግሞ ድምፅ አለው። በ2018 የሃይማኖት ተቋማት የሆኑ ባለአክሲዮኖች ስተርም ሩገር የተባለው የጠመንጃ ኩባንያ ስለ ምርቶቹ ደኅንነት ሪፖርት እንዲያወጣ ጠየቁ። አስተዳደሩ ተቃወመ። ጥያቄው ግን በአብላጫ ድምፅ አለፈ።

ስሙን አይቶ ማመን

«ኃላፊነት የሚሰማው» የሚል ስም ያለው ፈንድ ሁሉ መሣሪያ የለበትም ማለት አይደለም። የአክስቴ ልጅ አሠሪዋን ጠይቃ አንድ አገኘች። ክፍያው ከፍ ይላል። ዝርዝሩን ስታነብ ክላስተር ቦምብና ፈንጂ ወጥተዋል፤ ጄት ሠሪዎቹ ግን እዚያው ናቸው። ሳትከፍቱ አትፈርሙ።

ባለፈው አክስቴ ቤት ቡና ስንጠጣ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ልጆች ከጤፍ ማሳ ለቅመው ያመጡትን ቀለህ ከመስኮቱ ደፍ አንስተው ሰጡኝ። ቂጡ ላይ ትንንሽ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። የፋብሪካው መለያና የተሠራበት ዓመት እንደሆኑ ነገርኳቸው።

«የሠራው ታወቀ እንበል» አሉኝ። «ለማን ነው የሚሸጡት?»

ይህንን ለልጃቸው ነገርኳት። አሁን የማንኛውንም ኩባንያ ሪፖርት ስትከፍት መጀመሪያ የምትፈልገው የደንበኞቹን ገጽ ነው።