የሌሊት ፈረቃንና የቀን እንቅልፍን እንዴት ማስታረቅ ይቻላል?

ክር መፍተያ ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት በሦስት ፈረቃ ሠርቻለሁ። አንዱን ሳምንት ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ሌላውን ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 4፣ ሦስተኛውን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12። በመጀመሪያው ዓመት እንቅልፍ በጉብዝና የሚሸነፍ ይመስለኝ ነበር። ሌሊቱን ሠርቼ ጠዋት ገበያ እወጣለሁ፤ ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ማምሻውን ሁለት ሰዓት ጋደም ብዬ ተመልሼ እገባለሁ። አንድ ሌሊት ማሽኑ አጠገብ እንደቆምኩ ሸለብ አደረገኝ። የነቃሁት የሥራ ባልደረባዬ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ሲጎትተኝ ነው። ከዚያ በኋላ ጉብዝናውን ትቼ ብልሃቱን መፈለግ ጀመርኩ።

እዚህ የምጠቅሳቸው ሰዓቶች የፋብሪካው ናቸው። ነርስ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ወይም የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ከሆኑ ወደ ራስዎ ፈረቃ ያሸጋሽጓቸው።

በመጀመሪያ፣ የሚታገሉት ከምን ጋር እንደሆነ ይወቁ

አንጎላችን ውስጥ መቼ እንደምንተኛና መቼ እንደምንነቃ የሚቆጣጠር ሰዓት አለ። ይህን ሰዓት በዋናነት የሚያስተካክለው በዓይን የሚገባ ብርሃን ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ብሎ ሰውነት ሙሉ በሙሉ አይዞርም፤ መዞር ሲጀምር ሳምንቱ ያልቃል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፣ ሐሳብ ይዘገያል፣ ዓይን ይከብዳል። በዚያ ሰዓት የሚመጣው ድካም ስንፍና አይደለም።

በ1997 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው የሚወርደው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስተው፣ ቀኑን ሙሉ ሳይተኙ ውለው ምሽት 4 ሰዓት ሥራ ከገቡ፣ እዚህ ደረጃ ላይ የሚደርሱት ሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ገና ስድስት ሰዓት ሥራ ይቀርዎታል።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያው ሌሊት ሳይደርስ ይተኙ

የሌሊት ሳምንቱ በሚጀምርበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይተኙ። አንድ ሰዓት ተኩል ማለት አንድ ሙሉ የእንቅልፍ ዙር ያህል ነው። እንቅልፍ ባይወስድዎ እንኳ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጋደም ይበሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፤ የመጀመሪያው ሌሊት ከሁሉም የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ቡናውን በሰዓት ይጠጡ

ከቡና የሚገኘው ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሚተኛ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ቡና ባይነካ ይሻለዋል። እኔ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሁለት ስኒ ደርቤ ጠጥቼ እስከ እኩለ ቀን ጣሪያ ሳይ የዋልኩባቸው ቀናት አሉ። በፈረቃው መጀመሪያ አካባቢ በትንሽ በትንሹ መጠጣት በአንድ ጊዜ ብዙ ከመጠጣት ይበልጣል።

ጫትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሌሊቱን በእርግጥ ያነቃል፤ ግን ቀኑን እንቅልፍ ይነሳል። ያን እንቅልፍ ለማምጣት አረቄ የሚጨምሩ ሰዎች አይቻለሁ። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፣ ቶሎም ያባንናል።

ዋናውን ምግብ ሥራ ከመግባትዎ በፊት ይብሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ሾርባ፣ ዳቦ፣ እንቁላል ወይም ሙዝ ይበቃል፤ በዚያ ሰዓት ጨጓራም እንደ ባለቤቱ ደክሟል።

ደረጃ 3፦ ከ9 እስከ 11 ያለውን ሰዓት ይጠብቁት

ከባድና አደገኛ የሆነውን ሥራ በተቻለ መጠን ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት ይጨርሱ። ሊቀር የማይችል ከሆነ፣ ለምሳሌ የመድኃኒት መጠን መለካት ወይም ማሽን መፍታት፣ ሁለተኛ ሰው እንዲያይልዎ ያድርጉ። ቁጭ ብለው አይቆዩ፤ ይራመዱ፣ ያውሩ፣ መብራቱ ደማቅ ወደሆነበት ይጠጉ። በእረፍት ሰዓት መተኛት ከተፈቀደ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ በከባድ እንቅልፍ መሃል ተቀስቅሰው ሲደናበሩ ይቆያሉ። ከነቁም በኋላ ፊትዎን ታጥበው ጥቂት ደቂቃ ሳይቆዩ ማሽን አይንኩ።

ደረጃ 4፦ ወደ ቤት ሲሄዱ ከፀሐይ ይሸሹ

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ገደማ ነው። ከፋብሪካው በር ስንወጣ ፊት ለፊት የምትቀበለን እሷ ናት። ያ ብርሃን ለአንጎል «ነግቷል፣ ንቃ» ይለዋል። ጥቁር መነጽር ያድርጉ፤ ባርኔጣ ወይም ነጠላ ወደ ግንባርዎ ዝቅ ያድርጉ። ስቶክሆልም ውስጥ ሌሊት የሚሠሩ ወገኖቻችን በብርዱ ወራት በጨለማ ወጥተው በጨለማ ቤታቸው ይገባሉ፤ በሰኔ ግን ፀሐይዋ ሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣባቸዋለች፤ ምክሩ ያኔ ለእነሱም ይሠራል።

የሌሊት ሥራ ጨርሰው መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት አይንዱ። ሰርቪስ ካለ በሰርቪስ፣ ከሌለ በታክሲ።

ደረጃ 5፦ የቀን እንቅልፍዎን ያስከብሩ

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ተቃዋሚዎ የራስዎ ሰው ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛ አገሩ ሁሉ ዝም ይልለታል። ቀን ለሚተኛ ማንም ዝም አይልም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ በመስኮቱ ሥር ያልፋል። ጎረቤት «ቡና ደርሷል፣ ነይ» ብላ በር ታንኳኳለች፤ ተኝታለች ሲሏት «በዚህ ሰዓት? አመማት እንዴ?» ትላለች። ቀን የሚተኛ ሰው ወይ ታማሚ ነው ወይ ሰነፍ።

ስለዚህ አስቀድመው በግልጽ ይናገሩ። ቤተሰብዎን ሰብስበው «ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ለእኔ ሌሊት ነው» ይበሉ። ለቅርብ ጎረቤትም ይንገሩ፤ ምክንያቱ ከገባት ሌላውን አንኳኪ የምትመልሰው እሷ ናት። ስልክዎን ዘግተው፣ ለአደጋ የሚደወልበትን ስልክ ነቅቶ ለሚውል የቤተሰብ አባል ይተዉ። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ከሌለ ጋቢ ይስቀሉበት። ጆሮዎ ውስጥ የሚደረግ መድፈኛ ፋርማሲ ይገኛል። ክፍሉ ቀዝቀዝ ቢል ይመረጣል።

ሚስትም እናትም ለሆነች ሠራተኛ ይህ ሁሉ እጥፍ ይከብዳል። ሌሊቱን ሠርታ ገብታ የልጆች ቁርስ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ልብስ። ባል ካለ ጠዋቱን እሱ ይያዘው። ይህን የምለው በጎ ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም፤ ሌሊት ማሽን ላይ የምትቆመው እሷ ናት።

ሰባት ሰዓት በአንድ ጊዜ መተኛት የማይሆንላቸው አሉ። እነዚህ ጠዋት አምስት ሰዓት፣ ማምሻውን ሥራ ከመግባታቸው በፊት ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ከፍለው መተኛት ይችላሉ። የሚጾም ሰው እስከ 9 ሰዓት ስለማይበላ፣ የጾም ወራት ለጠዋቱ እንቅልፍ እንኳን ሳይመቹ አይቀሩም፤ ቁርስ ብሉ የሚል ጠሪ የለም።

ደረጃ 6፦ ፈረቃው ሲቀየር

ከመጨረሻው ሌሊት ሥራ ሲወጡ ጠግበው አይተኙ። ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝተው ይነሱ፣ ፀሐይ ላይ ይውጡ፣ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ከሰው ጋር ይተኙ። የዚያን ቀን ይነጫነጫሉ፤ በማግስቱ ግን ሰው ይሆናሉ።

የአብዛኛው ሰው ሰውነት ቶሎ ከመተኛት ይልቅ ማምሸት ይቀለዋል። ስለዚህ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት የሚሄድ ቅያሪ ከተገላቢጦሹ ይሻላል። ፕሮግራም የሚያወጣው አለቃ ይህን ላያውቅ ይችላልና ተሰብስባችሁ ጠይቁት። እግረ መንገዳችሁንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡ፤ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል፤ በእነዚህ ሰዓቶች የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራም ከመደበኛው ደመወዝ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል።

ሐኪም ጋ የሚያስኬድ ሲሆን

የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ የሌሊት ፈረቃ ከመጀመርዎ በፊት የመውሰጃ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የእንቅልፍ እጦት ራሱ በሽታውን ሊቀሰቅስ ይችላል። የእንቅልፍ ኪኒን በራስዎ ገዝተው አይጀምሩ፤ ሱስ የሚያስይዙ አሉ። ይህን ሁሉ አድርገው ለሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ወይም በእረፍት ቀንዎም ቁጭ ባሉበት የሚሸልብዎ ከሆነ፣ የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ሰዓትዎን ደብተር ላይ ጽፈው ይዘው ይሂዱ። «አይተኛኝም» ከሚለው ቃል ይልቅ ሐኪሙን የሚረዳው ያ ደብተር ነው።