ማንትራ አደጋገም፦ ከፊደሉ እስከ መቁጠሪያው

ማንትራ በሂንዱ ጸሎትና ማሰላሰል እየተደጋገመ የሚባል ቅዱስ ቃል ነው። ስሙ የሳንስክሪት፣ የጥንታዊቷ ሕንድ ቋንቋ፣ ቃል ሲሆን ሥሩ «መን» ነው፤ ማሰብ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ትረ» መሣሪያን ያመለክታል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ «የማሰቢያ መሣሪያ» ይሆናሉ። የሂንዱ መምህራን ደግሞ «ትራ»ን ከመጠበቅ ጋር አያይዘው «የሚደግመውን የሚጠብቅ» ብለው ይፈቱታል። በየትኛውም ፍቺ ግን ማንትራ ድምፅ ነው። ቬዳዎች የሚባሉት ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት በጽሑፍ ከመስፈራቸው በፊት ለብዙ ዘመን ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲወርዱ የኖሩት፣ አንዲት አናባቢ እንዳትረዝም፣ አንዲት እንዳታጥር እየተጠነቀቁላቸው ነው። ስለዚህ ትርጉሙን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ትርጉሙን በሌላ ቋንቋ መድገም ግን ማንትራ መድገም አይደለም።

ለጀማሪ አጭሩ ይሻላል። «ኦም ነመህ ሺቫየ»፣ ለአምላክ ሺቫ እሰግዳለሁ፣ መክፈቻው ቅዱስ ድምፅ ኦም ሳይቆጠር አምስት ቀለም (የቃል የድምፅ ክፍል) ብቻ ነው፤ ምንጩም ከቬዳዎቹ አንዱ በሆነው በየጁር ቬዳ ያለው የሩድራ (የሺቫ ጥንታዊ ስም) ውዳሴ ነው። ልባቸው ወደ ሌላው አምላክ ወደ ቪሽኑ የሚያዘነብል «ኦም ነሞ ናራየናየ» ይላሉ፤ ይህኛው ከነኦሙ ስምንት ቀለም ነው። አንዱን ይምረጡና በእሱ ይጽኑ። በየሳምንቱ ማንትራ የሚቀያይር ሰው አንዱም አፉ ላይ አይሟሽለትም። «ህሪም»ና «ክሊም»ን የመሳሰሉት፣ ዘር የሚባሉት ባለ አንድ ቀለም ማንትራዎች፣ በወጉ ከጉሩ (ከመንፈሳዊ መምህር) አፍ የሚቀበሏቸው ናቸው፤ ከመጽሐፍ ለቅሞ መጀመሩ አይመከርም።

አጠራሩ ላይ ጊዜ መስጠት ያዋጣል። ሳንስክሪት አጭርና ረጅም «አ» አለው። በላቲን ፊደል ምልክት ሳይደረግባቸው ሲጻፉ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው «ናማህ ሺቫያ» እያለ የሚሳሳተው ከዚያ አንብቦ ነው። የእኛ ፊደል ግን ይለያቸዋል፦ አጭሩ ለግዕዙ (ነ፣ መ፣ የ)፣ ረጅሙ ለራብዑ (ና፣ ማ፣ ያ) ይቀርባል። ማንትራ የምንለው ቃል ራሱ በአገሩ ሲጠራ «መንትረ» ነው። አሁን «ነ-መህ-ሺ-ቫ-የ» ብለው ቀስ እያሉ ይጥሩ። ረጅሟ ቫ ብቻ ናት፤ የሌሎቹን እጥፍ ጊዜ ይስጧት። ሺ አጭር ናት፣ አትጎተትም። ከ«መ» በኋላ ያለችው «ህ» ቀላል የትንፋሽ ድምፅ ናት፤ ሰው ሲቸኩል መጀመሪያ የሚውጠው እሷን ነው። የመጨረሻዋ «የ» ደግሞ ትንፋሽ ሲያልቅ ተቆርጣ ትቀራለች፤ መፍትሔው ከኦም በፊት ሙሉ አየር መሳብ ነው።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ጋያትሪ ወደሚባለው ረዘም ያለ ማንትራ መሄድ ይቻላል። የሪግ ቬዳ 3ኛ መጽሐፍ፣ 62ኛ መዝሙር፣ 10ኛ ስንኝ ነው፤ የሚነገረውም ለፀሐይ አምላክ ለሰቪትር ነው።

ኦም ቡር ቡቨህ ስቨህ
ተት ሰቪቱር ቨሬኒየም
በርጎ ዴቨስየ ዲመሂ
ዲዮ ዮ ነህ ፕረቾደያት

ከመጀመሪያው መስመር በታች ያሉት ሦስት ስንኞች ስምንት ስምንት፣ በድምሩ 24 ቀለም ናቸው። «ቨሬንየም» ብለው ከጠሩት አንደኛው ስንኝ ሰባት ይሆናል፤ ስምንቱ የሚሞላው «ቨሬኒየም» ሲባል ነው፤ ሁለቱንም የሚሉ አሉ። የ«ቡር»፣ የ«በርጎ»፣ የ«ዲመሂ»ና የ«ዲዮ» መነሻ ድምፆች ትንፋሽ የተጫነባቸው ብ እና ድ ናቸው። ፊደላችን ይህን አይጽፍምና ከሚያውቅ ሰው አፍ መስማት ግድ ነው። ሐሳቡ ሲጠቃለል «የአምላክ ሰቪትርን ድንቅ ብርሃን እናሰላስል፤ እሱም አእምሯችንን ያነቃቃ» የሚል ነው።

የተመረጠው ሰዓት ብራህማ ሙሁርተ ይባላል፤ ፀሐይ ልትወጣ 96 ደቂቃ ሲቀራት ይጀምርና 48 ደቂቃ ሲቀራት ያበቃል። ያ ካልሆነ ንጋት ወይም ምሽት ይሁን፤ ከሰዓቱ ይልቅ በየቀኑ አለመዛነፉ ይበልጣል። ፊትዎን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን አዙረው፣ ምንጣፍ ላይ፣ ጀርባ ቀና አድርገው ይቀመጡ። ጉልበትዎ ከዳሌዎ ከፍ ካለ ወገብዎ መጉበጡ አይቀርም፤ የታጠፈ ጨርቅ ከመቀመጫዎ ስር ያድርጉ።

መቁጠሪያው ማላ ይባላል፦ 108 ፍሬና ሜሩ የሚሉት አንድ ተለቅ ያለ ፍሬ አለው። ለሺቫ የሩድራክሽ ዘር፣ ለቪሽኑ የቱልሲ እንጨት ይመረጣል። በቀኝ እጅ መሃል ጣት ላይ ያንጠልጥሉት፤ ከሜሩ አጠገብ ካለው ፍሬ ጀምረው፣ በአንድ ማንትራ አንድ ፍሬ በአውራ ጣት ወደ ራስዎ ይሳቡ። ሌባ ጣት አይነካውም፤ የትዕቢት ጣት ነው ይሉታል። ሜሩ ላይ ሲደርሱ አይሻገሩት፤ ማላውን አዙረው በመጡበት ይመለሱ። ከ108ቱ የሚቆጠረው 100 ነው፤ ስምንቱ ለተዛባው ማካካሻ ይተዋል። ለአምስት ቀለሙ ማንትራ በአማካይ አራት ሰከንድ ቢሰጡት አንድ ዙር ሰባት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ጮክ ብለው እየደገሙ በአራት ደቂቃ ከጨረሱ ፊደል እየዋጡ ነው። ፑረሽቸረን የሚባለው ሙሉ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ቀለም 100,000 ድግግሞሽ ይጠይቃል፤ ለጋያትሪ 2,400,000 መሆኑ ነው። በቀን አሥር ዙር ለሚደግም ሰው ከስድስት ዓመት በላይ ይፈጃል፤ የሚቸኩልበት ምክንያት የለም።

አደጋገሙ ሦስት ደረጃ አለው፦ ጮክ ብሎ (ቫቺከ)፣ ከንፈር እየተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ሳይሰማ (ኡፓምሹ)፣ በልብ ብቻ (ማነሰ)። ጥንታዊው የሂንዱ የሕግ መጽሐፍ የመኑ ሕግ ኡፓምሹን ከመሥዋዕት መቶ እጥፍ፣ የልቡን ሺህ እጥፍ ያስበልጣል። ይህን ሰምቶ በቀጥታ በልብ የሚጀምር ብዙ ነው፤ ከሃያኛው ፍሬ በኋላ ጣቱ እየቆጠረ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጮክ ብለው ይድገሙ፤ ጆሮዎ ስህተትዎን ያሳይዎታል። ጉሮሮ ሲደክም ወደ ኡፓምሹ ይውረዱ። በልብ ሲደግሙ ሐሳብ ከተበተነ ወይም እንቅልፍ ከመጣ መልሰው ከንፈርዎን ያንቀሳቅሱ።

ማላ በሌለበት የቀኝ እጅ ጣቶች አንጓ ለመቁጠር ይበቃል። ከቀለበት ጣት መሃል አንጓ ይጀምሩ (1)፣ ወደ ሥሩ ይውረዱ (2)፣ ትንሿን ጣት ከሥር ወደ ጫፍ ይውጡ (3፣ 4፣ 5)፣ የቀለበት ጣት ጫፍ (6)፣ የመሃል ጣት ጫፍ (7)፣ ከዚያ ሌባ ጣትን ከጫፍ ወደ ሥር ይውረዱ (8፣ 9፣ 10)። ሳይነኩ የቀሩት የመሃል ጣት ሁለት አንጓዎች ሜሩ ናቸው። አሥር ሲሞላ በግራ እጅ አንድ አንጓ ይያዙ፤ አሥር አንጓ ሲያዝ መቶ ሞላ፣ ስምንት ይጨመርበታል።