ከግቢያችን መዥገር ያጠፋንበት መንገድ

ኮምቦልቻ ከደሴ ሞቅ ትላለች፤ ለመዥገር ይመቻል። ውሻችን ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መሃል ይፈላበት ነበር። ቆይቶ ግድግዳ ላይ ሲወጡ፣ በረንዳ ላይ ሲሄዱ ማየት ጀመርን። ሕፃናት ስላሉን በጣም አሳሰበኝ።

በወረንጦ ለቀምን። በኦሞ አጠብነው። ላምባም ቀባን፤ ይሄን እንኳ አትሞክሩት፣ ቆዳውን ያቃጥለዋል። መርፌም ተወጋ። ጥቂት ቀን ጋብ ይልና እንደገና ይመጣል።

መፍትሔው የተገኘው የእንስሳት ሐኪም አጥሩን አይቶ ሲያስረዳን ነው። የውሻ መዥገር ደም ጠጥቶ ሲጠግብ ይወርዳል። እንቁላሉን የሚጥለው ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ አንዷ ሴት በሺህ የሚቆጠር ትጥላለች። የተፈለፈሉትም ደም በጠጡ ቁጥር እየወረዱ እዚያው ይደበቃሉ። ስለዚህ ውሻውና ግቢው በአንድ ቀን መታከም አለባቸው።

ሐኪሙ በለካልን መጠን አሚትራዝ የሚባለውን የመዥገር መድኃኒት በውሃ በጥብጠን ውሻውን አጠብነው፤ ሳናለቀልቅ እንዲደርቅ ተውነው። በዚያው ቀን የውሻውን ቤትና የድንጋይ አጥሩን ስንጥቅ ረጨን። ጓንት ግድ ነው። ድመት ካላችሁ አሚትራዝ ይመርዛታልና አርቋት። የሚተኛበትን ጆንያ አቃጠልን። ከዚያ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈንን፤ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ይመስለኛል። ያልተፈለፈለ እንቁላል ስለሚቀር ከሁለት ሳምንት በኋላ ርጭቱን ደገምነው።

አሁን ግድግዳው ንጹህ ነው። የውሻውን ጆሮ በየሳምንቱ እናያለን። አንድ ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዘን ቀጥ አድርገን እንስባለን። በጣት መጨፍለቅ የለም።