የባህርይ ሥነ ሕይወታዊ መሠረት፦ የጄኔራል ሳይኮሎጂ ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች

የፈተና ሰሞን በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚባዛው ሾርት ኖት ብዙ ጊዜ ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ነው። በአንዱ የአንጎል ክፍል ወይም የኬሚካል ስም፣ በሌላው አንድ ቃል። “ዶፓሚን፦ ደስታ። አሚግዳላ፦ ፍርሃት።” በዚህ ምዕራፍ ነጥብ የሚያስጥለው ይሄው ሰንጠረዥ ነው። ፈተናው መልእክቱ ከየት ተነስቶ፣ በየት አልፎ፣ የት ደርሶ ምን እንዳደረገ ሲጠይቅ ሽምደዳው መልስ የለውም።

ኬሚካልን በአንድ ስሜት መተርጎም

ዶፓሚን “የደስታ ኬሚካል” ብቻ ከሆነ፣ በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት ሲሞቱ ለምን እጅ ይንቀጠቀጣል? እርምጃስ ለምን ይጎተታል? ሥራውን የሚወስነው በየትኛው መንገድ እንደተለቀቀና በየትኛው ተቀባይ (ኬሚካሉ መልእክቱን ለማድረስ የሚያርፍበት የሕዋስ ክፍል) ላይ እንዳረፈ ነው። ሰብስታንሺያ ናይግራ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ስትራያተም ወደሚባለው በሚሄደው መንገድ እንቅስቃሴን ያስተካክላል፤ ኒውክለስ አኩምበንስ ወደሚባለው ክፍል በሚሄደው ደግሞ ሽልማትን ከመፈለግና ከመማር ጋር ይያያዛል። ሴሮቶኒንም ቢሆን 90 በመቶ ያህሉ ያለው አንጀት ውስጥ ነው።

ቡናና ጫትን በአንድ ዓምድ ማስቀመጥ

ሁለቱም እንቅልፍ ያባርራሉ፤ ሲናፕሱ (ሁለት የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚቀባበሉበት ቦታ) ላይ የሚሠሩት ግን ለየብቻ ነው፣ ጥያቄውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ ድካም ይጫነናል። ካፌይን ቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ተቀባዩን ቀድሞ ይይዝበታል፣ ግን አያሠራውም። ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ የማይዞር ቁልፍ በሉት። እንዲህ ያለው አንታጎኒስት ይባላል። አዴኖሲኑ የትም አልሄደም፤ ካፌይኑ ሲወጣ (ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል) ድካሙ ተመልሶ ይመጣል። ለነገ ፈተና ማታ ሦስተኛውን ስኒ የሚጠጣ ተማሪ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ ተቀባይ አይዘጋም። ላኪው ሕዋስ ዶፓሚንና ኖርኤፒኔፍሪን አብዝቶ እንዲለቅ ያደርጋል፤ አሠራሩ የአምፌታሚን ዓይነት ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ ቃሚው ትኩሱን የሚመርጠውም ለዚህ ነው። ስለ አንድ ንጥረ ነገር ስታጠኑ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የትኛውን ኬሚካል ይነካል? በላኪው በኩል ነው በተቀባዩ? ያበዛል ወይስ ያግዳል?

“ምልክቱ ሲበረታ አክሽን ፖቴንሻሉ ይተልቃል” ማለት

አይተልቅም። አክሽን ፖቴንሻል ኒውሮን (የነርቭ ሕዋስ) መልእክት ሲልክ የሚተኩሰው የኤሌክትሪክ ምት ነው። ኒውሮን ሲያርፍ የውስጡ ቮልቴጅ ከውጭው አንጻር −70 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ −55 አካባቢ ከደረሰ ይተኩሳል፣ ካልደረሰ አይተኩስም። ለብ ያለውን ውሃ ከሚፋጀው የሚለየው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰና የትኞቹና ስንት ኒውሮኖች እንደተኮሱ ነው። እዚሁ ላይ ሌላ ስህተት አለ፦ ተኩሱን የሚያመጣው የሶዲየም–ፖታሲየም ፓምፑ ነው ማለት። ፓምፑ 3 ሶዲየም እያስወጣ 2 ፖታሲየም ያስገባል፤ ይህ በሕዋሱ ውስጥና ውጭ መካከል ያለውን ልዩነት ጠብቆ ማቆየት ነው። ተኩሱ የሚመጣው የሶዲየም በሮች ተከፍተው ሶዲየም ወደ ውስጥ ሲጎርፍ ነው።

ነርቭንና ሆርሞንን ማምታታት

ፒያሳ መንገድ ስታቋርጡ ሚኒባስ ድንገት ጥሩምባ ቢነፋባችሁ ሰውነታችሁ ሳታስቡት ይደነግጣል። ይህ የነርቭ ፍጥነት ነው፣ በሚሊሰከንድ የሚቆጠር። ሰውነትን ለአደጋ የሚያዘጋጁት ሲምፓቴቲክ ነርቮች ልብን ያፈጥናሉ፤ ከኩላሊት በላይ ያለውን አድሬናል ዕጢም ይቀሰቅሱና አድሬናሊን ወደ ደም ይለቀቃል። ማዶ ተሻግራችሁ፣ ሚኒባሱም ሄዶ፣ ጉልበታችሁ ገና ይንቀጠቀጣል። አደጋው አልፏል፣ ሆርሞኑ ግን ደም ውስጥ ነው። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ከዚህም ይዘገያል፤ ትእዛዙ ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ወደ ፒቱታሪ ዕጢ፣ ከፒቱታሪ ወደ አድሬናል መዞር አለበትና ደቂቃዎች ይወስዳል። የሚያረጋጋው ፓራሲምፓቴቲክ ነው። ሁለቱን ስም ማገላበጥ በየፈተናው የሚደጋገም ስህተት ነው።

የግራ ዓይንን ከግራ የእይታ መስክ ጋር ማመሳሰል

እያንዳንዱ ዓይን ለሁለቱም ንፍቀ አንጎል (የአንጎል ግማሽ) መረጃ ይልካል። ወደ ቀኝ ንፍቀ አንጎል የሚሻገረው ከምታተኩሩበት ነጥብ በስተግራ ያለው የእይታ መስክ ነው። ይህ ካልገባ እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሮጀር ስፔሪ ያካሄዳቸው ሙከራዎች አይገቡም። ሁለቱን ንፍቆች የሚያገናኘው ኮርፐስ ካሎሰም የተቆረጠበት ሰው በግራ መስኩ ለቅጽበት “ማንኪያ” የሚል ቃል ቢታየው “ምንም አላየሁም” ይላል፤ ንግግርን የሚመራው በአብዛኛው ግራው ንፍቅ ነውና። በቀኙ ንፍቅ የሚታዘዘው ግራ እጁ ግን ከተደረደሩት ዕቃዎች መካከል በዳሰሳ ማንኪያውን ያነሳል። የሁለቱን መስኮች መንገድ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ አንድ ጊዜ መሳል አሥር ጊዜ ከማንበብ ይበልጣል።

“አንጎላችንን የምንጠቀመው 10 በመቶውን ነው”

ስህተት ነው። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ የሆነ አካል ከጉልበታችን 20 በመቶ ያህሉን የሚበላው ዘጠኝ እጁን ሥራ አስፈትቶ አይደለም።

ውርስን እንደ ግለሰብ ድርሻ መቁጠር

የአንድ ባህርይ የውርስ መጠን 0.5 ነው ሲባል “የአበበ ባህርይ ግማሹ ከጂን ነው” ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ ሕዝብ ውስጥ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ምን ያህሉ ከጂን ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ ነው። እጃችን አምስት ጣት እንዲያወጣ የሚያደርጉት ጂኖች ናቸው። በአዋቂዎች መካከል የጣት ቁጥር ሲለያይ ግን ምክንያቱ በአብዛኛው አደጋ ስለሆነ፣ የውርስ መጠኑ ዝቅተኛ ሆኖ ይወጣል።