ቢሮው ቀዝቅዞም እርጥበቱ ካልለቀቀ

ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከመጋቢት ጀምሮ የቢሮ ግድግዳ ያልበዋል። ብዙ ሰው ያኔ ቴርሞስታቱን (የኤሲውን ሙቀት መቆጣጠሪያ) ወደ 20 ዲግሪ ያወርዳል። መብራት መብላቱ ሳያንስ፣ ግድግዳው ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ጤዛው ይብሳል።

25.5 ላይ ተዉት፤ የከተማዋ መንግሥት የሚመክረውም ይህንኑ ነው። እርጥበት መለኪያ ከኤሲው አፍ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉ። ከ60 በመቶ ካለፈ መጀመሪያ ፋኑን እዩ፤ «ኦን» ላይ ከሆነ ወደ «አውቶ» መልሱት። ኮምፕረሰሩ (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ሞተር) ቆሞ ፋኑ መንፋቱን ከቀጠለ፣ ኮይሉ (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ቱቦ) ላይ የቀረው ውሃ ተንኖ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ኮምፕረሰሩ በየጥቂት ደቂቃው ተነስቶ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ለክፍሉ በዝቷል፤ ያቀዘቅዛል እንጂ አያደርቅም።

በማዕከላዊ ሲስተም፣ ማለትም ቀዝቃዛ ውሃ በሕንፃው ኮይሎች በሚዞርበት፣ የውሃውን ሙቀት ከ7 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ኃይል ይቆጥባል፣ ግን አየሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ። የ25.5 ዲግሪ አየር በ60 በመቶ እርጥበት ጤዛ የሚጥለው 17 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ከኮይሉ የሚወጣው አየር ከ14 ባይበልጥ ይመረጣል።

የሚረሳው የሽንት ቤቱ አየር ማስወጫ ነው። ሌሊቱን ከሠራ የውጭውን እርጥበት በየስንጥቁ ይስባል፤ ከኤሲው ጋር አብሮ እንዲጠፋ ሰዓት ቆጣሪ ግጠሙለት።