የሉዊስ ነጥብ መዋቅር እንዴት እንደሚሣል፦ በዩሪያ ምሳሌ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በቆሎ ከሚያመርት ቤት ያደገ ተማሪ ዩሪያን የሚያውቀው ከኬሚስትሪ ክፍል በፊት በማሳ ላይ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ በ1916 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውን፣ የአቶሞችን ኤሌክትሮኖች በነጥብ የሚያሳየውን አሣሣል ለመለማመድም፣ ዘወትር በምሳሌነት ከሚቀርበው ውሃ ይልቅ ይኸው ማዳበሪያ ይሻላል፤ ውሃ ዋናውን ችግር ሳያሳይ ያልፋልና።

አንደኛ፣ ቫሌንስ ኤሌክትሮኖችን ይቁጠሩ። እነዚህ በአቶሙ የውጨኛ ቅርፊት ላይ የሚገኙና በቦንድ (ሁለት አቶሞች በሚጋሩት የኤሌክትሮን ጥንድ) የሚሳተፉ ኤሌክትሮኖች ሲሆኑ፣ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ከምድብ 13 እስከ 18 ላሉት፣ ከሂሊየም በስተቀር፣ ከምድቡ ቁጥር ላይ 10 በመቀነስ ይገኛሉ። ካርቦን 4፣ ናይትሮጅን 5፣ ኦክስጅን 6 አላቸው፤ ሃይድሮጅን ያለው 1 ነው። በዩሪያ ውስጥ አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ናይትሮጅንና አራት ሃይድሮጅን ስላሉ ድምሩ 4+6+10+4=24 ይሆናል። ይህን ቁጥር በወረቀቱ ጥግ ይጻፉት፤ እስከ መጨረሻው አይለወጥም።

ሁለተኛ፣ አቶሞቹን ያገናኙ። ካርቦን መሃል ይሆናል፤ ኦክስጅንና ሁለቱ ናይትሮጅኖች ከእርሱ ጋር፣ ሃይድሮጅኖቹም ሁለት ሁለት ሆነው ከናይትሮጅኖቹ ጋር ይያያዛሉ። ሰባት ቦንዶች 14 ኤሌክትሮን ስለሚወስዱ 10 ይቀራሉ።

ሦስተኛ፣ የቀሩትን በጥንድ በጥንድ ያድሉ፦ ለኦክስጅን 6፣ ለእያንዳንዱ ናይትሮጅን 2። ግቡ በሃይድሮጅን ዙሪያ 2፣ በሌሎቹ አቶሞች ዙሪያ 8 ኤሌክትሮን እንዲሞላ ነው። አሁን ሌሎቹ ሁሉ ሲሞላላቸው በካርቦን ዙሪያ ያሉት ግን 6 ብቻ ናቸው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሁለት ነጥብ ከየትም አምጥቶ ይጨምርና ድምሩን 26 ያደርሰዋል። መፍትሔው መጨመር ሳይሆን ማጋራት ነው፤ ከኦክስጅን ጥንዶች አንዱ ወደ መካከል ይመጣና ድርብ ቦንድ ይሆናል። ስምንት ቦንዶች 16፣ ያልተጋሩት አራት ጥንዶች 8፣ በድምሩ 24።

ጥንዱ ከናይትሮጅን ቢመጣስ? ስምንቱ ይሞላል፤ ነገር ግን ያልተጋሩትን ነጥቦች በሙሉ፣ የተጋሩትን በግማሽ ብንቆጥር ናይትሮጅኑ 4 ብቻ ስለሚደርሰው +1፣ ኦክስጅን ደግሞ 7 ስለሚኖረው −1 ቻርጅ ይይዛሉ። ቻርጅ የማያስከትለው የመጀመሪያው ሥዕል ተመራጭ ነው።

ለአዮን፣ ማለትም ቻርጅ ላለው አቶም ወይም የአቶሞች ስብስብ፣ የሚለየው ቆጠራው ብቻ ነው። ዩሪያ በአፈር ውስጥ ሲለወጥ የሚገኘው አሞኒየም አንድ ናይትሮጅንና አራት ሃይድሮጅን ስላሉት 9 ይሆናል፤ ቻርጁ +1 በመሆኑም አንድ ተቀንሶ 8 ይቀራል። ስምንቱም በአራቱ ቦንዶች ያልቃሉ፤ ሥዕሉ በቅንፍ ይከበብና ከላይ በስተቀኝ የመደመር ምልክት ይደረግበታል።