ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሚሆን የሳይንስ ሙከራ እንዴት ይመረጣል?

የሳይንስ ሙከራ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የአቼቶና የሶዳ እሳተ ገሞራ ነው። አረፋው ይገነፍላል፣ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ አለቀ። ደስ ይላል፤ ግን ትርኢት ነው። ሙከራ የሚሆነው ልጁ አንድ ነገር ቀይሮ ምን እንደሚመጣ ሲጠብቅ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ክፍል የምታስተምሩም ሆናችሁ ቤት ልጅ የምታስጠኑ፣ ቤተ ሙከራ ባይኖራችሁም በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ ጥያቄ ፈልጉ፤ ዕቃው በኋላ ይደርሳል። መልሱ በማየት ወይም በመለካት የሚገኝ ይሁን። «ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው?» ለሙከራ አይሆንም። «ባቄላ ጨለማ ውስጥ ይበቅላል?» ይሆናል። (ይበቅላል፤ ቀጥኖና ገርጥቶ። ብዙ ልጅ አይበቅልም ብሎ ስለሚከራከር ነው የምወደው።)

ቀጥሎ የሚቀየረውን አንድ ነገር ለዩ። እርሾ ከስኳርና ከውሃ ጋር በጠርሙስ በጥብጣችሁ አፉ ላይ ፊኛ ስታስሩ የስኳሩን መጠን ብቻ ቀይሩ። የውሃውም ሙቀት አብሮ ከተለወጠ ፊኛው በምን እንደተነፋ አይታወቅም።

ከዚያ ዕቃውን ከጉሊትና ከሱቅ ሰብስቡ። ለእኔ ቀይ ጥቅል ጎመንን የሚያህል የለም። ክተፉት፣ በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፉት፣ አጥልሉት። ሐምራዊ ውሃ ይወጣል። እኩል እኩል በብርጭቆ ቅዱና በአንዱ ሎሚ፣ በሌላው የኦሞ ውሃ፣ በሦስተኛው አመድ ተበጥብጦ የተጠለለ ውሃ ጨምሩ። አሲድ (እንደ ሎሚው ያለ) ሲነካው ወደ ሮዝና ቀይ፣ ቤዝ (እንደ ኦሞውና አመዱ ውሃ ያለ) ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ከመጨመራቸው በፊት ግምታቸውን ይጻፉ፤ ይህን ካስዘለላችሁ ሁሉም «አውቄው ነበር» ይላል።

አሁን የሐይቁን ውሃ በዚሁ የጎመን ውሃ ላይ ጨምራችሁ ሞክሩ። የሐዋሳ ሐይቅ እንደ ጥቁር ውሃ ወንዝ ያለ ገባር አለው እንጂ በገሃድ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ውሃው ተንኖ ሲሄድ ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ወደ ቤዝ ያደላል። ከቧንቧ ውሃ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡትና ልዩነት እንዳለው እነሱ ይንገሯችሁ። ውሃውን ግን አዋቂ ይቅዳ፣ ልጆች ገብተው አይንቦጫረቁ፤ ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ከነኩትም በኋላ እጅ በሳሙና።

ለደህንነት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ በረኪና ከዝርዝሩ ይውጣ። ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ክፍሉ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ ከሆነ ቀልድ አይደለም።

ጊዜውንም አስሉ። ጎመኑን ቀድማችሁ ካዘጋጃችሁት በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ባቄላው ቀናት ይፈልጋል፤ ሰኞ ዘርታችሁ በየቀኑ በማስመሪያ ይለኩት።

በመጨረሻ ከክፍሉ በፊት ቤታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። ስንት ማንኪያ እንደሚበቃና የቱ እንደሚፈስ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ውጤቱ መጽሐፉ ላይ ካለው ሲለይ ለማረም አትቸኩሉ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ የተማረ ልጅ ሐዋሳ ላይ ሲለካ 94 አካባቢ ያነባል። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ይህን የምትለኩት ከ100 በላይ በሚያነብ የቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ነው፤ የትኩሳት መለኪያውን ከከተታችሁት ይፈነዳል። ልጁም ያነበበውን ይጻፍ።